ከሽሮ ሜዳ የጥልፍ ፋይል መሸጥ፦ ለጀማሪ ፍሪላንሰር

«ኦንላይን ሥራ ልጀምር ነው» የሚል ወጣት ምን ልትሠራ ነው ሲባል መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ሎጎ ዲዛይን ወይም ዳታ ኢንትሪ ነው። ሎጎው ጋ በሺህ የሚቆጠር ሪቪው የሰበሰቡ ሰዎች ቀድመው ቦታ ይዘዋል፤ ዳታ ኢንትሪው ጋ ደግሞ ከሥራው አጭበርባሪው ይበዛል። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ለሚኖር፣ እዚያ ለሚሠራ ወይም እዚያ ዘመድ ላለው ሰው ግን ሰፈሩ የሚያውቀው፣ አፕወርክና ፋይቨር በሚባሉት የፍሪላንስ ገበያዎች ላይም የሚሸጥ ሥራ አለ፦ የጥልፍ ማሽን የሚያነበውን ፋይል ማዘጋጀት። ሥራውን ዲጂታይዚንግ ይሉታል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚያ ላይ ነው። ስለ ፕሮፋይል፣ ስለ ዋጋና ስለ ገንዘብ አወጣጥ የሚለው ግን ለተርጓሚም ለቪዲዮ ኤዲተርም ይሆናል።

ለምን ጥልፍ?

ከስድስት ኪሎ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ወደ እንጦጦ ስትወጡ ሽሮ ሜዳ መንገድ ዳር የተደረደሩትን የሐበሻ ልብስ ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። ጥበቡ የሸማኔው ነው፤ ድሩ ተወጥሮ ማጉ ሲወረወር ከጨርቁ ጋር አብሮ ይወጣል። ጥልፉ ግን ያለቀ ጨርቅ ላይ ይሰፋል። ድሮ በእጅ ይሠራ ከነበረው ብዙው ዛሬ በኮምፒውተር ጥልፍ ማሽን ሆኗል። ማሽኑ ፎቶ ቢሰጡት ምኑም አይደለም። መርፌው የት እንደሚወርድ፣ ክሩ የት እንደሚቆረጥ፣ ቀለሙ መቼ እንደሚቀየር አንድ በአንድ የሚነግረው ፋይል ይፈልጋል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ፣ ኮፍያና ፖሎ ሸሚዝ የሚጠልፍ ድርጅት የደንበኛውን ሎጎ ይልክና ይህን ፋይል ለሚያዘጋጅለት ሰው ይከፍላል። ፓኪስታን፣ ሕንድና ባንግላዴሽ ውስጥ በዚህ የሚተዳደር ሰው ብዙ ነው። ከእኛ ሰፈር የሚታይ ሰው አለመኖሩ ይገርማል።

ሁለተኛው ምክንያት ኢንተርኔት ነው። ዲኤስቲ የሚባለው፣ በታጂማና በብዙ ሌሎች ማሽኖች የሚነበበው ፋይል ለአንዲት ስፌት 3 ባይት ይበቃዋል። 8 ሺህ ስፌት ያለው የደረት ሎጎ 24 ኪሎባይት አካባቢ ነው፤ በቴሌግራም ከምትላላኩት አንድ ፎቶ ያንሳል። ቪዲዮ ኤዲተሩ ዋይፋይ ፍለጋ ካፌ ለካፌ ሲዞር እናንተ በሞባይል ዳታ ታስረክባላችሁ።

ሙያውን መያዝ

ሙያው ሳይኖር ፕሮፋይል መክፈት ዕቃ የሌለው ሱቅ መክፈት ነው። ስለዚህ አካውንቱ ይቆይ።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ የሙያው ሰዎች በብዛት የሚጠቀሙት ዊልኮምን ነው፤ ለጀማሪ ዋጋው አይቀመስም። የተሰበረ ኮፒ ከቴሌግራም ቻናል አውርዳችሁ አትጫኑ። ቫይረሱ የሚገባው የባንካችሁና የአካውንታችሁ የይለፍ ቃል ያለበት ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ኢንክስኬፕ የሚባል ነጻ የስዕል ፕሮግራም አለ፤ በእሱ ላይ የሚጫን ኢንክስቲች የሚባል ነጻ ተጨማሪም አለ። ሁለቱ አብረው መካከለኛ አቅም ባለው ላፕቶፕ ይሠራሉ፤ ዲኤስቲም ለብራዘር ማሽን የሚሆነውን ፒኢኤስም ያወጣሉ፤ መርፌው እንዴት እንደሚሄድም በስክሪን ላይ ያሳያሉ። በስልክ ግን ይህ ሥራ አይሠራም። ላፕቶፕ ከሌለ መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው።

የስፌቱ ዓይነት በመሠረቱ ሦስት ነው፦ መስመር የሚሄደው ተራ ስፌት፣ ለፊደልና ለጠባብ ቅርጽ የሚሆነው ሳቲን፣ ሰፊ ቦታ የሚሞላው ሙሌት። ሳቲን ከ1 ሚሊሜትር ከቀጠነ አይያዝም፤ ከ7 ሚሊሜትር በላይ ከሰፋ ደግሞ ክሩ እየተንጠለጠለ በየቁልፉና በየቀለበቱ ይያዛል። በስፌትና በስፌት መካከል የሚተወው ክፍተት ለተለመደው ክር 0.4 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ካጠጋጋችሁት ጨርቁ ይደርቃል፣ መርፌም ይሰበራል። ከዋናው ስፌት በፊት ከሥር የሚነጠፍ ሣሣ ያለ ስፌት አለ፤ ጀማሪ ይዘለዋል፣ ጥልፉም ይሰምጣል። ክሩ ሲጠብቅ ጨርቁን ወደ ራሱ ስለሚስብ ክብ ብላችሁ የሣላችሁት እንቁላል ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ ቅርጹን በሚስብበት አቅጣጫ ትንሽ አስፍታችሁ ትሠራላችሁ። ኮፍያ የራሱ ጠባይ አለው። ግንባሩ ጎባጣ ስለሆነ ከመሀል ወደ ዳር፣ ከታች ወደ ላይ ካልተሰፋ ጨርቁ እየተገፋ ይታጠፋል።

በሐምሌ 2016 የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የወሰዳችሁ ካላችሁ ጥሩ ነው፤ ነጻ ነው፣ ኮምፒውተርም ያለማምዳል። ይሁንና የጥልፍ ቤት ባለቤት ሰርተፍኬት አይጠይቃችሁም። የሚጠይቀው የተሰፋ ጨርቅ ነው።

ናሙናውን ማሽን ላይ ማሰፋት

ሽሮ ሜዳ መሆናችሁ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ፋይቨር ላይ ዲጂታይዚንግ የሚሸጡ ብዙ ሰዎች በናሙናቸው የሚያሳዩት ስክሪን ላይ ያለ ምስል ነው። ስክሪን ላይ ሁሉም ጥልፍ ያምራል። ገዢው ማየት የሚፈልገው ክሩ እውነተኛ ጨርቅ ላይ ወጥቶ ነው፤ እናንተ ደግሞ ማሽን ካለው ሰው በእግር ርቀት ላይ ናችሁ።

የጥልፍ ማሽን ያለው ሱቅ ግቡና ባለቤቱን አነጋግሩ። ጊዜ ምረጡ፦ እንቁጣጣሽ፣ ጥምቀትና ፋሲካ ሲቃረብ ማንም ቀና ብሎ አያያችሁም፤ የጥርና ከፋሲካ በኋላ ያለው የሠርግ ወቅትም እንዲሁ ነው። በዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሳምንታት ግን ሠርግ ስለሌለ፣ ፋሲካም ገና ስለሆነ ሥራው ይቀዘቅዛል፤ ያኔ ማሽኑም ሰውየውም ፋታ አላቸው። ጥያቄያችሁ አጭር ይሁን። «ጋሼ፣ ፋይል አዘጋጅቼ ነበር፤ በራሴ ጨርቅና በራሴ ክር ሩብ ሰዓት ቢያሰፉልኝ እከፍላለሁ።» 8 ሺህ ስፌት ያለው ሥራ በደቂቃ ከ600 እስከ 800 ስፌት በሚሄድ ማሽን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል። ፋይሉን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ማሽኑ የትኛውን ፎርማት እንደሚያነብ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሲሰፋ ቁማችሁ እዩ፤ ስልክ አትነካኩ። ክር የሚበጠሰው የትኛው ቦታ ላይ ነው? መርፌው አንዱን ፊደል ጨርሶ ወደ ሌላው ሲዘል ስንት ጊዜ ይቆርጣል? ባለማሽኑ ፊቱን የሚያጨፈግገው የቱ ጋ ሲደርስ ነው? ማሽን በቆመ ቁጥር ሰዓቱ ይሄዳል፤ ባለማሽን ፋይል የሚወደውም የሚጠላውም በዚያ ነው። ጨርሶ ከፍሬሙ ሲወጣ ጨርቁን ገልብጡና ጀርባውን እዩ። ዙሪያው ከተኮማተረ ከሥር የሚገባው ደጋፊ ወረቀት ሣስቷል ወይም ስፌቱ በዝቷል። እዚያው የሚሰጣችሁን አስተያየት ከየትኛውም የዩቲዩብ ቪዲዮ አስበልጡት። ሰውየው ስሙ ባይጠራም መምህራችሁ ነው።

አምስት ስድስት ናሙና ይበቃል፦ አንድ የደረት ሎጎ 9 ሴንቲሜትር አካባቢ ስፋት ያለው፣ አንድ የኮፍያ ግንባር ቁመቱ ከ6 ሴንቲሜትር ያልበለጠ፣ አንድ በትንንሽ ፊደል የበዛ፣ አንድ ብዙ ቀለም ያለው፣ አንድ ደግሞ ከጥለት የተወሰደ። ጥለቱ ዓይን ይስባል፤ የተለያችሁ የሚያደርጋችሁም እሱ ነው። ነገር ግን የሸማኔውን የራሱን ፈጠራ ሳትጠይቁት አትውሰዱ። ብትጠይቁት ይፈቅዳል፤ ካልጠየቃችሁት ነገ በሰፈሩ አትገቡም። በቀን ብርሃን፣ በመስኮት በኩል፣ በቅርብ ፎቶ አንሱ፤ ፊቱንም ጀርባውንም። የዋናው ምስል፣ የስክሪኑ ፋይልና የተሰፋው ጨርቅ ጎን ለጎን ሆነው አንድ ምስል ላይ ይቀመጡ።

የታዋቂ ድርጅት ሎጎ ለናሙና አትጠቀሙ። የራሳችሁን ፍጠሩ፣ ወይም የሰፈራችሁን ዳቦ ቤት አስፈቅዱ።

ስም አንድ ዓይነት ይሁን

ከአገራችን ሰው ጋር በተለይ የሚጣላው እርምጃ ይህ ነው። ፓስፖርቱ ላይ «ገብረ ማርያም» በሁለት ቃል፣ ባንኩ ላይ «ገብረማርያም» በአንድ ቃል፣ ፋይዳ መታወቂያው ላይ ደግሞ የላቲን ፊደሉ ሌላ ሊሆን ይችላል። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ነው። ማንነት የሚያጣራው ሥርዓት ስሙ ካልገጠመ አካውንቱን ይይዛል፤ ገንዘባችሁም እዚያው ይቀመጣል።

ስለዚህ ወረቀቶቹን ሁሉ አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ፣ ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ልዩነት ካለ የባንኩን በፓስፖርቱ ልክ አስተካክሉ፤ ቅርንጫፍ ሄዶ ማስተካከል ፓስፖርት ከመቀየር ይቀላል። አዲስ ሒሳብ የምትከፍቱ ከሆነ ፋይዳ ትጠየቃላችሁ። ከዚያ የፍሪላንስ አካውንቱንም፣ ገንዘቡ የሚመጣበትን የፓዮኒር ሒሳብም ስሙ ፓስፖርቱ ላይ በተከፋፈለበት አኳኋን ክፈቱ። የቤት ስም፣ የክርስትና ስም፣ የቲክቶክ ስም አይገባም።

ቪፒኤን ዝጉ። ቴሌግራም ሲዘጋ የጫናችሁት ስልኩ ላይ እንደተከፈተ ሊኖር ይችላል። ጠዋት ከአዲስ አበባ፣ ከሰዓት ከአምስተርዳም የገባ አካውንት ተጠርጥሮ ይታገዳል። አንድ ሰው አንድ አካውንት ብቻ ነው የሚፈቀድለት፤ ሁለተኛ በወንድም ስም መክፈት ሁለቱንም ያሳጣል።

የትኛው ገበያ?

ፋይቨር ላይ ጊግ የሚባለውን የአገልግሎት ማስታወቂያ አዘጋጅታችሁ ገዢ ትጠብቃላችሁ፤ አፕወርክ ላይ የወጣ ሥራ አይታችሁ ፕሮፖዛል ትልካላችሁ። ለጥልፍ ፋይል እኔ ፋይቨርን አስቀድማለሁ። ሥራው ትንሽ፣ ዋጋው የታወቀ፣ ቶሎ የሚያልቅ ነው፤ ገዢውም «ኮፍያ፣ 6 ሴንቲሜትር፣ ለነገ» ብሎ የሚመጣ ነው። አፕወርክ ላይ ለማመልከት ኮኔክት የሚባል የማመልከቻ ነጥብ ያስፈልጋል፤ አንዱ 15 የአሜሪካ ሳንቲም ነው፤ ለአንድ ሥራ ከአሥር በላይ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። ፕሮፖዛሉን ከላይ ለማስቀመጥ ተጨማሪ ኮኔክት መጫረትም ይቻላል። ጀማሪ ይህን አያድርግ፤ ሪቪው የሌለው ፕሮፋይል ከላይ ቢቀመጥም ይታለፋል። እዚህ አገር ውስጥ ለመለማመድ ደግሞ በቴሌግራም የሚሠራው አፍሪወርክ አለ፤ ክፍያው በብር ነው፣ ቋንቋውም አያስቸግርም።

የጊጉ ርዕስ ጠባብ ይሁን። «ማንኛውንም ዲዛይን እሠራለሁ» ከሚል ይልቅ «የኮፍያና የደረት ሎጎ ወደ ዲኤስቲ እቀይራለሁ፣ ማሽን ላይ ተፈትኖ» የሚል ይሻላል። «ማሽን ላይ ተፈትኖ» የምትለዋን እውነት ከሆነች ብቻ ጻፏት፤ እውነት ከሆነች ግን መጀመሪያ ላይ ትሁን።

ዋጋ

ፋይቨር ላይ ለቀላል ዲጂታይዚንግ ከ5 እስከ 15 ዶላር የሚጠይቅ ሻጭ በብዛት ታያላችሁ። ፋይቨር ከእያንዳንዱ ክፍያ 20 በመቶ ይወስዳል፤ 10 ዶላር ብላችሁ ስትሸጡ እጃችሁ የሚገባው 8 ነው። አፕወርክ ከ2025 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ ለአዲስ ውል እንደ ሥራው እስከ 15 በመቶ ይቆርጣል፤ ስንት እንደሆነ ከማመልከታችሁ በፊት ያሳያችኋል። በ5 ዶላር መጀመር አያሳፍርም፤ በ5 ዶላር ለትልቅ የጃኬት ጀርባ ቃል መግባት ግን ቂልነት ነው። የጀርባ ጥልፍ 50 ሺህ ስፌትና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ዋጋውን በመጠን ከፋፍሉት፦ ትንሹ በአንድ ዋጋ፣ ጀርባው በሌላ። ማስተካከያ ስንት ጊዜ እንደምትሠሩ ጻፉ። የመጠን ለውጥ ግን ማስተካከያ አይደለም፤ የጥልፍ ፋይል ሲሰፋና ሲጠብ ስፌቱ እንደ አዲስ ይሠራል፤ ይህን ለገዢው አስቀድማችሁ ንገሩት።

ቨርጂኒያ ያለች የአክስት ልጅ «እኔ ገዝቼ አምስት ኮከብ ልስጣችሁ» ትላለች። በፍቅር ነው፣ ግን ክልክል ነው፤ ሲደረስበት አካውንት ይዘጋል። የሐበሻ ልብስ ሱቅ ያላት ከሆነና የእውነት ፋይል የምትፈልግ ከሆነ ከገበያው ውጭ ሥሩላት፤ የሥራውን ፎቶ ናሙና ላይ አድርጉት።

ደንበኛን ማነጋገር

ሁሉም ሰው በኤአይ ያጻፈው አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይልካል፤ «በታላቅ ደስታ»፣ «የብዙ ዓመት ልምድ»። ገዢው ሁለተኛውን መስመር አያነብም። የላከውን ምስል ያያችሁት መሆኑ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይታወቅ። ለምሳሌ ለኮፍያ የሚሆን የቡና ቤት ሎጎ ቢመጣ መልሱ እንዲህ ቢሆን በቂ ነው፦

«ከሥር ያለችው የከተማው ስም በዚህ መጠን 3 ሚሊሜትር ነው የምትወጣው፤ በክር አትነበብም። ወደ 5 ሚሊሜትር ላሳድጋት ወይስ ትውጣ? ኮፍያው ጠንካራ ግንባር ነው ወይስ ለስላሳ? ማሽናችሁ ዲኤስቲ ያነባል?»

ሦስት ጥያቄ፣ ሁሉም ሥራውን የሚመለከት። እንግሊዝኛችሁ ቢሰባበርም ይህን የጠየቀ ሰው ሙያውን እንደሚያውቅ ያስታውቃል። ሰዋስውን ለማቃናት ኤአይ ተጠቀሙ፤ ሐሳቡን ግን ራሳችሁ አምጡ። አንዳንዱ የታወቀ የስፖርት ክለብ ወይም የካርቱን ምስል ይልካል። ፈቃዱ እንዳለው ጠይቁ፤ ከሌለው ተዉት።

የሰዓትም ነገር አለ። ኒው ዮርክ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የሚባለው፣ እነሱ ዘጠኝ የሚሉት፣ በእኛ ከሰዓት 11 ሰዓት ነው፤ ከመጋቢት መግቢያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ግን ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ 10 ሰዓት ይሆናል። «እስከ ሥራ መውጫ» ብሎ የቀጠረ ደንበኛ በእኛ ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ማለቱ ነው። ፋይቨር የቀረውን ሰዓት ራሱ እየቆጠረ ስለሚያሳይ እሱን ተከተሉ። መብራት ሲሄድ «ይቅርታ፣ መብራት» የሚለው ምክንያት አንድ ጊዜ ያስኬዳል፤ ሁለተኛ ጊዜ ሪቪው ላይ ይጻፋል። ስለዚህ በአንድ ቀን የሚያልቀውን ሁለት ቀን በሉ፤ ላፕቶፑም ሁልጊዜ ቻርጅ ይደረግ።

ስታስረክቡ ፋይሉን ብቻ አትላኩ። የክር ቀለም ቅደም ተከተል፣ የስፌት ብዛት፣ የመጨረሻው መጠን በሚሊሜትር ያለበት አንድ ገጽ ጨምሩበት። ማሽን ላይ ከፈተናችሁት ፎቶውንም።

ገንዘቡን ማግኘት

ፋይቨር ላይ ሥራው ተቀባይነት ካገኘ በኋላ የአዲስ ሻጭ ገንዘብ 14 ቀን ይቆያል። ገዢው ዝም ካለ ትዕዛዙ በ3 ቀን ራሱ ይዘጋል፤ ቆጠራው ከዚያ ይጀምራል። አፕወርክ ላይ በቁርጥ ዋጋ የተሠራ ሥራ ከጸደቀ በኋላ 5 ቀን ይጠብቃል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ወር የቤት ኪራይ በዚህ ገቢ አታስቡት።

ከኢትዮጵያ የተከፈተ የፔይፓል ሒሳብ ገንዘብ አይቀበልም። እዚህ ያለው ፍሪላንሰር በተለምዶ የሚጠቀመው ፓዮኒርን ነው፤ ከዚያ ወደ ባንክ ይላካል። የማውጫ ክፍያ ስላለ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ አታውጡ፤ አጠራቅሙ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ከውጭ ገቢ ያለው ግለሰብ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት ይችላል፤ ባንካችሁ ምን ወረቀት እንደሚፈልግ ጠይቁ። በቴሌግራም «የፓዮኒር ዶላር በጥሩ ዋጋ እገዛለሁ» የሚላችሁን ሰው ተዉት። ሕገ ወጥ ነው፤ ዶላሩን ወስዶ የሚጠፋም ሞልቷል።

ከዚህ ሌላ ሁለት ወጥመድ አለ። አንዱ ሥራ ለመጀመር መያዣ፣ የሥልጠና ወይም የምዝገባ ክፍያ የሚጠይቅ «ቀጣሪ» ነው። ሁለተኛው አካውንታችሁን በወር ክፍያ ለመከራየት የሚመጣ የውጭ ሰው ነው፤ ገንዘቡ ያጓጓል፤ እሱ አጭበርብሮ ሲሄድ የሚታገደው ግን በእናንተ ፓስፖርት የተከፈተው አካውንት ነው፤ በዚያ ስም ዳግመኛ መክፈት አይቻልም። «ከገበያው ወጥተን በዋትስአፕ እንጨርስ» የሚለውም ከዚሁ ይመደባል፤ ቢክዳችሁ የምትከሱበት ቦታ የለም፣ ደንቡንም ጥሳችኋል።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደብተር ያዙ፦ ቀን፣ ሥራው፣ በዶላር ስንት፣ ስንት ተቆረጠ፣ ባንክ ሲገባ በስንት ብር። ገቢው እያደገ ሲሄድ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጡ፤ ግብሩን በተመለከተ የወረዳችሁን ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ስትጠይቁ ይህ ደብተር ያስፈልጋችኋል። ለማሽን ባለቤቱ የከፈላችሁትም በወጪ በኩል ይግባ፤ ደረሰኝ ካለው ደረሰኙን ተቀበሉ።

ዋጋ የሚጨመረው ደንበኛ ሲመላለስ ነው። አሥር አሥራ አምስት ጥሩ ሪቪው ካገኛችሁ በኋላ ለአዲስ ገዢ ጨምሩ፤ ለድሮው ደንበኛ ግን ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እንደሚጨምር አስቀድማችሁ በመልእክት አሳውቁት፤ የጀመራችሁትን ሥራ በድሮው ዋጋ ጨርሱለት።